ባለአበባው ኮርኒስ

ማስተዋል አበረ መጋረጃ ሰፊ ናት። እንጅባራ ውስጥ መስኮት ያለው ቤት ሁሉ የኔ እጅ አለበት ትላለች። ታጋንናለች፤ ግን ስትናገር ዓይኗን አታርገበግብምና ማንም ደፍሮ አይከራከራትም። ሱቋ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባጃጆች ተሰልፈው የሚቆሙበት ጥግ ላይ ነው። በሩ ላይ የሰቀለቻቸው ናሙና ጨርቆች ነፋስ ባነሳቸው ቁጥር የሹፌሮቹን ፊት ይጠርጋሉ። «ማስቴ፣ ጨርቅሽን ሰብስቢ!» ይሏታል። «እናንተ ፊታችሁን ሰብስቡ!» ትላቸዋለች። እንዲህ ሲበሻሸቁ ይውሉና ማታ አብረው ሻይ ይጠጣሉ።

ያን ዕለት ጠዋት ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። ሚልካ የምትባል ሰርጓ የደረሰ ልጅ ስልኳን እንደያዘች ገባች። ሚልካ በጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት፤ ስታወራ ግማሹ ዜማ ነው።

«እትዬ ማስተዋል፣ ዛሬ የማሳይሽን ስታዪ ጌታ ይመስገን ነው የምትዪው።»

«ሳላየው ለምን ላመስግን? አምጪው እስቲ።»

ስልኩ ላይ አንድ መኝታ ቤት ነበር። መጋረጃው፣ የአልጋ ልብሱ፣ የወንበሩ ልብስ ሳይቀር ሁሉም ከአንድ ጨርቅ የተሰፋ ነው። መደቡ የወተት ቀለም አለው። ቀጭን ሐረግ እየተጠማዘዘ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። በሐረጉ መሐል በሪባን የታሰረች የጽጌረዳ እቅፍ አለች፤ ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላ እቅፍ፣ ደግሞ ሌላ።

«ይኼ ዝም ብሎ አበባ እንዳይመስልሽ» አለች ሚልካ። «ከሁለት መቶ ምናምን ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ የትልልቆቹ ሰዎች ሚስቶች ቀሚሳቸውም፣ መጋረጃቸውም፣ አልጋቸውም እንዲህ ነበር። አሁን ፋሽኑ ተመልሶ መጥቷል። ለሰርጌ ቤት እንደዚህ ያለ ነው የምፈልገው።»

ማስተዋል መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች፤ መልሳ አወረደች፤ ስልኩን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«ኧረ በማርያም! ይኼማ የእማዬ ኮርኒስ ነው!»

«ምን?»

«ዳንግላ፣ የእናቴ ቤት፣ የሳሎኑ ኮርኒስ! ሪባኑ ሳይቀር ይኸው ራሱ ነው። የኛው ግን ገርጥቷል። ቀለም የለውም፤ ሻይ የተደፋበት ነው የሚመስለው።»

ሚልካ ሳቋ አመለጣት። «የፈረንጅ እመቤት የለበሰችውን እናንተ ጣራ ላይ ሰቀላችሁት?»

«ታዲያስ! ፈረንጇ ለብሳው ሄደች፤ እኛ ሥሩ አደግንበት» አለች ማስተዋል፤ አብረው ሳቁ። ልጅቱ የመስኮቷን ልክ ሰጥታ፣ ቀብድ ከፍላ ሄደች። ማስተዋል ግን መቀሱን አንስታ አስቀመጠችው። ሥራ እምቢ አላት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ለምን እንደሆነ እንድትረዱላት ስለ ኮርኒሱ መናገር ሊኖርብን ነው።

አባቷ አቶ አበረ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እህል ነጋዴ ነበር። ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው ሚስቱ ወርቅአየሁ የመጀመሪያ ልጃቸውን ቢሻውን ወለደችለት። ሰውየው የሚሆነውን አጣ። ዳንግላ ገበያው ዳር ከነበረው የአረብ ሱቅ ገብቶ «ለአራስ ቀሚስ የሚሆን ቺት አምጣ» አለ። አረቡ አንድ ጣቃ አውርዶ ሲዘረጋው ወተት በመሰለ መደብ ላይ ያ ሁሉ ጽጌረዳ ፈሰሰ። አቶ አበረ ከእንዲህ ያለው ላይ ቆርጦ መግዛት ነውር መሰለው። ጣቃውን እንዳለ ተሸክሞ ቤቱ ገባ።

ወርቅአየሁ ከአልጋዋ ቀና አለችና «አገሩን በሙሉ ልታለብስ ነው እንዴ?» አለችው። ቀሚሷ ተሰፋ፤ ጣቃው ግን ጎደለ አይባልም። ቀኑን ሙሉ ስታስብ ዋለችና «ለልጄ ኮርኒስ ይሁንለት። በጀርባው ተኝቶ ሲያንጋጥጥ ዓይኑ ቆርቆሮ ላይ ከሚያርፍ አበባ ላይ ይረፍ» አለች።

እንዲያም ሆነ። ጨርቁ ተቀጣጥሎ ተሰፋ። የቀርቀሃ ርብራብ ተሠራ። ጨርቁን ርብራቡ ላይ ወጥረው በሚስማር መቱት፤ ሚስማሩ በስቶ እንዳያልፍም በእያንዳንዱ ሥር ቆርኪ ገባ። ጎረቤቱ እያንጋጠጠ ገብቶ እያንጋጠጠ ወጣ። አንድ ሰሞን ዳንግላ ውስጥ «የአበረን ቤት አይታችኋል?» የማይል ሰው አልነበረም።

ከቢሻው በኋላ የወርቅአየሁ ማህፀን ዝም አለ። ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ ነው ማስተዋል የመጣችው። ወንድሟ ያኔ ጎረምሳ ነበር። ስለ እሱ የራሷ የምትለው ትዝታ አንድ ብቻ ነው፦ ትከሻው ላይ ቆማለች፤ እሱ ቁርጭምጭሚቷን ይዟል፤ እጇን ዘርግታ አበባ ትነካለች። አበባው ቀይ ነው። ቀይ፣ ደማቅ ቀይ። ቅጠሉም አረንጓዴ። ቢሻው ከሥር ሆኖ «ቀጠፍሻት? በኪስሽ ክተቻት!» እያለ ይስቃል።

ይኸው ነው፤ ሌላ የላትም። ይችኑም ቢሆን እናቷ ወስዳባታለች። ነፍስ ካወቀች በኋላ «አበባው ቀይ ነበር አይደል?» ብላ ስትጠይቃት፣ ወርቅአየሁ ቀና ሳትል «ሕልም ነው ያየሽው። ሲገዛም እንዲሁ ነበር፤ የቀረውን ጭስ በላው» አለቻት። ማስተዋል ቀና ብላ አየች። እውነትም አበባው የሞተ ሮዝ፣ ሐረጉ የአመድ ቀለም ነበር። ዓይኗ የሚያየውን እንዴት ትከራከር? ቀዩን ሕልም ብላ ተወችው።

ቢሆንም የገረጣውንም ወደደችው። ኩፍኝ ይዟት የተኛች ጊዜ ከበሩ በላይ ካለው ጥግ የሚነሳውን ሐረግ በዓይኗ ይዛ፣ እቅፍ በእቅፍ እየተሻገረች ከአልጋው በላይ እስካለው ጥግ ትሄድ ነበር። ክረምት ቆርቆሮው ሲጮህ ጨርቁ ይነፋል፣ ይሟሽሻል። አይጥ ከላይ ሲሮጥበት የእግሩ ዳና ከሥር ይታያል፤ አባቷ «እነሆ፣ ሰውየው የአበባ ቦታውን ሊጎበኝ ወጣ» ይላታል። ትምህርት ቤት ደብተሯ ጠርዝ ላይ የምትስለው ያንኑ በሪባን የታሰረ እቅፍ ነበር። ዛሬ ጨርቅ ከጨርቅ ስታማርጥ የምትውለው ከዚያ ኮርኒስ ሥር ስላደገች ነው፤ ይህን ራሷም ትናገራለች።

ቢሻውን የወሰዱት በደርግ መጨረሻ፣ በቅዳሜ ገበያ ነው። አፈሳ ነበር። ጨው ሊገዛ ወጥቶ በመኪና ተጭኖ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። መንግሥት ሲወርድ የተበተነው ወታደር በአስፋልቱ እየተጎተተ ሲያልፍ ወርቅአየሁ በሶና ውሃ ይዛ ዳር ቆመች። ላለፈው ሁሉ እያጠጣች «ቢሻው አበረን ታውቃለህ?» ትላለች። አንዱም አላወቀላትም። ወታደሩ አልፎ አለቀና እሷ ወደ ቤቷ ገባች።

መርዶ አልመጣም። ሞቷል ብሎ የሚያረዳ፣ አይቻለሁ የሚል ሰው ከየት ይምጣ? መርዶ ሳይመጣ ደግሞ ማን ለቅሶ ይቀመጣል? ጎረቤቶቿ «እንዳታለቅሺ፣ በቁሙ ታሟርቺበታለሽ» አሏት። አላለቀሰችም። ከዓመታት በኋላ አቶ አበረ ሲሞት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን ደቅታ፣ ወጉን ሁሉ አድርሳ አልቅሳለታለች። የልጇን ስም ግን ከዚያች ከአስፋልቱ ዳር ከተመለሰችባት ቀን ጀምሮ ከአፏ አውጥታ አታውቅም። ሌላውም ሰው እሷ ፊት አይጠራውም።

አሁን እንግዲህ ያ ቤት ሊፈርስ ነው። መንገዱ ሊሰፋ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶበታል። ጎረቤቱ ካሳውን ወስዶ፣ ቆርቆሮውን ነቅሎ አንድ በአንድ ሄደ። ወርቅአየሁ ብቻዋን ቀረች። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ልቧን የሚያማት ሴትዮ መብራት በተቆረጠበት ሰፈር ተቀምጣ «አልወጣም» አለች። ሽማግሌ ተላከ፤ ሽማግሌዎቹን አብልታ አጠጥታ ሸኘቻቸው። አማቿ አስማረ፣ የማስተዋል ባል፣ ከዳንግላ እንጅባራ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነውና በየቀኑ እየቆመ «እማማ፣ ዛሬስ አይሄዱም?» ይላታል። «ነገ» ትለዋለች። ሲደርቅባት የምትናገረው በአገውኛ ነው፤ ያን ጊዜ አስማረ ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል።

በመጨረሻ ማስተዋል ራሷ ሄዳ እግሯ ላይ ወድቃ አለቀሰችባት። «አንቺ እዚህ ስትቆራመጂ እኔ እዚያ የበላሁት አይረጋልኝም። ከአባዬም ከሁሉም የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። እባክሽ፣ እማዬ።»

ወርቅአየሁ ራሷን እየደባበሰች «እሺ፣ ቤቱ እስኪፈርስ እመጣለሁ» አለች። «ሲፈርስ ግን ዘንገና፣ ወንድሜ ዘንድ ነው የምገባው። አማች ቤት እንግድነት እንጂ እርጅና አያምርብኝም።»

ዘንገና ማለት ከሐይቁ ማዶ፣ መኪና ከማይደርስበት ገጠር ነው። ልቧ ቢይዛት ሐኪም ዘንድ የምትደርሰው በቃሬዛ ነው። ማስተዋል ይህን እያወቀች አመጣቻት። ሴትዮዋም መጥታ እንደ እንግዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሣጥኗን አልከፈተችም። ምግብ ሲቀርብላት «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፤ ለገዛ ልጇ! ማስተዋልን እንደዚያች ቃል ያቃጠላት ነገር የለም። ቤቱ ሲፈርስ እናቷ ሣጥኗን ይዛ እንደምትሄድ ልቧ አወቀው።

እና ያን ጠዋት የሚልካን ስልክ ስታይ አንድ ሐሳብ መጣላት። ኮርኒሱን ባመጣውስ? በእማዬ ክፍል መስኮት ላይ መጋረጃ አድርጌ ብሰቅልላትስ? ዓይኗን ስትገልጥ የምታየው የራሷ ቤት ከሆነ የት ትሄዳለች? ሐሳቡ እንደመጣላት ሱቋን ዘግታ ወደ ባሏ ሮጠች።

አስማረ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ማሾፍ ይወዳል። «ከሚፈርስ ቤት ሰው በርና መስኮት ይነቅላል፤ አንቺ ጣራ ላይ የተሰቀለ ቀሚስ!» እያለ በማግስቱ ዳንግላ ወሰዳት። መሰላል ላይ ወጥቶ ቆርኪውን አንድ በአንድ ፈለቀቀ። ጨርቁ በአንድ ጎኑ ተንጠለጠለ፤ ከዚያ ከነአቧራው፣ ከነአይጥ ጎጆው፣ ከነዝገቱ በአስማረ ራስ ላይ ተከነበለ።

ማስተዋል ሳቋ ገደላት። እየሳቀች አንዱን ጫፍ ይዛ አራገፈችው፤ አቧራው ወደ በሩ ወጣ፤ ሳቋ እዚያው ቀረ።

ቀይ ነው።

ወደ ቆርቆሮው ዞሮ የኖረው የጨርቁ ፊት ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ፀሐይ አላየውም፣ ጭስ አልደረሰበትም። ከአቧራው ሥር ጽጌረዳው ቀይ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ሪባኑ ሰማያዊ። ሪባኑ ሰማያዊ መሆኑን ፈጽሞ አታውቅም ነበር። እሷ ነፍስ ካወቀች ወዲህ ያየችው ጀርባውን ነው።

«ቀይ ነበረ!» አለች። «አስማረ፣ ሕልም አልነበረም! ትከሻው ላይ ነበርኩ፤ በእጄ ነክቼዋለሁ!» አቧራው ላይ ተቀምጣ ጨርቁን አቅፋ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ወንድሟን በዚያች ቅጽበት ያገኘችው ያህል ነበር።

አስማረ ራሱን እያራገፈ መጥቶ አያት፤ ካያትም በኋላ ማሾፉን ፈራ ተባ እያለ ቀጠለ። «ይኼን ያህል ዘመን መጋረጃ ሰፍተሽ የጨርቅ ፊትና ጀርባ አትለዪም?»

«ዝም በል! ማን ኮርኒስ ገልብጦ ይሰቅላል ብዬ ልጠርጥር?»

«ታዲያ እማማ ምን ሲሆኑ ገለበጡት?»

ማስተዋል እንባዋን ጠርጋ ሳቀች። «አታውቃትም እንዴ! ቡፌው ውስጥ ያሉትን ብርጭቆዎች አንድ ቀን ሲጠጣባቸው አይተሃል? መልኩ እንዳያልቅባት ለደግ ቀን ደብቃው ነዋ! ደጉ ቀን ደግሞ መጣ፤ እኔ እገልጥላታለሁ።»

እንዲህ ነው የተሳሳተችው። እናቷን የሚያውቅ ማንም ሰው ግን ያንኑ ያስብ ነበርና አልፈርድባትም።

ጨርቁን ሱቋ ጓሮ፣ እናቷ በማታይበት፣ በእንዶድ አጠበችው፤ ጥላ ላይ አሰጣችው። የሚስማሩን ቀዳዳ ሁሉ ከራሱ ከጨርቁ ክር መዝዛ ወተፈች። ከኋላው አቡጀዲ ገበር አደረገችለት፤ ከላይ ሽንሽን አወጣችለት። ሚልካ ስለ ራሷ መጋረጃ ልትጠይቅ መጥታ ይህንን ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እትዬ ማስተዋል፣ ይኼንን ሽጭልኝ» አለች። «እናቴን ልሽጥልሽ?» አለቻት ማስተዋል፤ እየዘፈነች ሥራዋን ቀጠለች።

እሑድ ወርቅአየሁ ቅዳሴ ስትሄድ ማስተዋልና አስማረ ቀለበቱን እያስገቡ ሰቀሉት። ክፍሉ ሌላ ሆነ። የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ሲገባ ጽጌረዳው ነፍስ የዘራ መሰለ። ማስተዋል አልጋውን ደጋግማ አስተካከለች። «ስታይ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ሣጥኗን ትከፍታለች» አለች ለባሏ።

ወርቅአየሁ ገባች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ እያወረደች የክፍሉን በር ገፋችው። ቆመች። መጋረጃውን አየች። እጇ ነጠላው ላይ እንዳለ ቀረ፤ ፊቷ ላይ ማስተዋል አይታው የማታውቀው የወጣት ሴት ደስታ በራ።

«መጣ?» አለች።

ማስተዋል ፈገግ እንዳለች ነበር። «ማን፣ እማዬ?»

አልሰማቻትም። ዘወር ብላ ወደ ሳሎኑ ወጣች፤ ከበሩ ኋላ አየች። ወደ ጓዳ ገባች። ያቺ ሦስት እርምጃ ሄዳ የምታርፍ ሴትዮ ጓሮ ወጥታ፣ በጎን ዞራ፣ እያለከለከች ተመለሰች። «የታል? ምነው ደበቃችሁብኝ? ተኝቶ ነው? ደክሞት ተኝቶ ነው?»

«ማን ነው እማዬ? ማንን ነው የምትፈልጊው?»

«ቢሻው ነዋ!»

ስሙ ቤቱ ውስጥ ወደቀ። ማስተዋል ግድግዳውን ይዛ «እማዬ... ማንም አልመጣም» አለች። «እኔ ነኝ የሰቀልኩት። ደስ ይበልሽ ብዬ ነው። ሌላ ሰው የለም።»

ወርቅአየሁ ልጇን አየቻት፤ አማቿን አየችው፤ ደግሞ መጋረጃውን አየች። አልጋው አጠገቧ ነበር፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያው ሆና ተናገረች።

«መርዶ አልመጣ፤ ነጠላዬን አላዘቀዝቅ። አላለቅስ፤ ሟርት ነው አሉኝ። ታዲያ አበባ ሥር ተቀምጬ እንጀራ ልብላ? የልጄ አበባ ነው። እሱ ቆሞ ይሁን ወድቆ ሳላውቅ እኔ ያን ቀይ እያየሁ ቡና ልጠጣ? አንቺን ዘንገና ልኬ፣ ከአባትሽ ጋር በራችንን ዘግተን ገለበጥነው። ኮርኒስ የተገለበጠ ቢሆን ማን ያውቃል? ማንስ አሟረተች ይለኛል? አባትሽ መሰላሉ ላይ ሆኖ ሲያለቅስ እንባው አናቴ ላይ ይወርድ ነበር። እኔ አላለቀስኩም። ቢሻው ሲመጣ በገዛ እጁ ይገልብጠው፤ እስከዚያ እንዲህ ይሁን አልኩ። እና አሁን በሩን ስከፍት እሱ መጥቶ የገለበጠው መሰለኝ።»

ማስተዋል ወንበር ጎትታ ወጣችበት። ቀለበቱን መፍታት ጀመረች። «አወርደዋለሁ፣ እማዬ። አሁን እገለብጠዋለሁ። እንደነበረው አደርገዋለሁ። አንቺ ብቻ አትዘኚብኝ፤ ትተሽኝም አትሂጂ።» እንባዋ ዓይኗን ጋርዶት የትኛውን እንደፈታች አታይም። መጋረጃው በአንድ ወገን ወርዶ ተንጠለጠለ።

«ተይው» አለች ወርቅአየሁ።

«አይሆንም፣ እገለብጠዋለሁ።»

«ተይው አልኩሽ። ውረጂ፤ ነይ ወደዚህ።»

ወርዳ አጠገቧ ተንበረከከች። አሮጊቷ የልጇን እጅ ይዛ መዳፏን ታሸዋለች።

«ቅድም ጓሮ ስፈልገው ማንን እንደምፈልግ ታውቂያለሽ? ያንን ቁምጣ የለበሰ ቀጭን ልጅ ነው። ጨው ሊገዛ የወጣውን። ቢኖር እኮ ዛሬ ሽበት ያወጣ ሰውዬ ነው። እኔ ሽበታም ሰው አልነበረም ስፈልግ የነበረው። እንደዚያ ያለ ልጅ ከየት ይመጣል፣ ማስተዋል? እንደዚያ ያለ ልጅ የለም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሰው ሁሉ ፈርቶኝ ኖረ። አንድም ደፍሮ ያረዳኝ የለም። አንቺ አርጂኝ።»

«እኔ? እኔ ምን አይቼ፣ እማዬ? ምን ሰምቼ?»

«ማንም አላየም፤ ከእንግዲህም የሚያይ የለም። ሳልረዳ መሞት አልፈልግም። ከአንቺ አፍ ይምጣ። አርጂኝ።»

ማስተዋል ባሏን አየችው። አስማረ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። የእናቷን ሁለት እጅ ያዘች።

«እማዬ... ቢሻው ሞቷል። ወንድሜ ሞቷል።»

ወርቅአየሁ እንደ ማዳመጥ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳበች፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ቀስ ብላ፣ ወጉን ሳታጓድል ነው ያደረገችው። ካስተካከለችው በኋላ ጮኸች። ያን ሁሉ ዘመን ታፍኖ የኖረው ጩኸት ነው የወጣው፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተነሳ። «ልጄ! ቢሻው! አንተ የበኩር ልጄ!» ትላለች፤ በአማርኛ ትጀምርና በአገውኛ ትጨርሳለች። ማስተዋልም ላይዋ ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ በአንዲት ትዝታ ብቻ የምታውቀውን ወንድሟን።

ጎረቤታቸው ዋጋዬ የሊጥ እጇን ሳትታጠብ ሮጣ ገባች። «ምን ሆናችሁ? ማን ነው? ማን ሞተባችሁ?»

«ልጄ ነው፣ እህቴ» አለች ወርቅአየሁ። «ቢሻው የሚባል ወንድ ልጅ ነበረኝ። ዛሬ አረዱኝ።»

ዋጋዬ ሴትዮዋ ወንድ ልጅ እንደነበራት እንኳን ሰምታ አታውቅም። መቼ፣ የት፣ እንዴት አላለችም። የራሷን ነጠላ አዘቅዝቃ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አብራት አለቀሰች። ከእሷ ኋላ ሌላዋ ገባች፣ ከዚያም ሌላዋ፤ ክፍሉ ሞላ፤ ከፊሉ በወረደው መጋረጃ ሥር ሴቶቹ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀመጡ። ማንም መጋረጃውን ልብ ያለው የለም።

አስማረ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ወጣና ተመልሶ መጣ። አማቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ። እንዴት እንደሚጠይቃት ጨንቆታል፤ ወጉ ግን ወግ ነው፣ እድርተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።

«እማማ፣ ድንኳኑን የት ላስተክል? ዳንግላ ይሻላል ወይስ ዘንገና፣ ወንድምዎ ዘንድ?»

ወርቅአየሁ ቀና አለች። እንባዋ ይወርዳል። የሞኝ ጥያቄ የጠየቃት ይመስል ተገርማ አየችው።

«የት ይላል እንዴ፣ ልጄ! እዚሁ ነዋ፤ ቤቴ ደጅ ላይ።»